ከወረኢሉ የመጣው ዱቄት

ከረጢቱ ሲፈታ ነው የሸተተኝ።

የአማቼ እናት ከወረኢሉ ተነሥተው፣ በአቀስታ በኩል ዞረው፣ ያን ሁሉ መንገድ ከረጢቱን ከጭናቸው ሳያወርዱ ነበር መካነ ሰላም የደረሱት። የአውቶብሱ ረዳት ከላይ ልጫነው ቢላቸው «የልጄ ልጅ እህል ከፍየል ጋር አይጫንም» ብለው ኩም አድርገውታል። ይህን የነገሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ በቁመትም ይበልጡኛል፤ የአንደበቱንስ ተዉት።

ልጃቸው ጅዳ ነው ያለው፣ ሹፌር ሆኖ። ልጄም እዚያው በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ እዚያው ተዋወቁ፣ እዚያው ኒካሕ አሰሩ። ስታረግዝ በሰው ቤት መውለድ አይሆንምና ወደ እኔ መጣች። ሕፃኗ የተወለደችው እዚሁ መካነ ሰላም ነው። የተወለደች ዕለት የሰፈራችን ሼህ፣ ልጄ ከጅዳ ካመጣችው ተምር ቆንጥረው አኘኩና ላንቃዋን ቀቧት። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጡት በቀር አንድ ነገር ባፏ አልዞረም። እኔ አብሽ ላጠጣት ፈልጌ ነበር፣ ልጆቼን ሁሉ በአብሽ ነው ያሳደግሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ግን «እማማ፣ ስድስት ወር እስክትሞላ ውሃም ቢሆን እንዳይሞክሩ» አለችኝ። ልጄም የሷን ቃል እንደ ፋቲሓ ያዘችው። እኔም አብሹን ተውኩት። ሕፃኗን ደግሞ ሳያት ወፍራ፣ ፈክታ፤ ምን እላለሁ?

እንግዲህ ስድስት ወሯ ሞላ። እኛ ስንበላ አፋችንን ታያለች፤ እጃችን ወደ አፋችን ሲሄድ የሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ምን እናስጀምራት የሚለው ክርክር ግን ከዚያ ቀድሞ ነው የተነሣው፣ በስልክ። ልጄ «ድንችና እንቁላል» አለች። አባትየው ከጅዳ ሆኖ «በቆርቆሮ ያለውን ዱቄት ልላክ» አለ። እትዬ ወረኢሉ ሆነው ይህን ሲሰሙ ቤቱ ተናወጠ። «ማሳዬ ምን ሆኖ ነው የልጅ ልጄ የቆርቆሮ የምትበላው? አንተን ያሳደግሁበትን እህል ይዤ እሄዳለሁ። ስንዴው ከማሳዬ፣ ገብሱ ከማሳዬ፣ አተሩ ከማሳዬ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ በእጄ ነው የምሰጣት፤ አንተም በስልክ ታያለህ» አሉት። አለቀ። ልጃቸው የእናቱን ቃል አይሰብርም። ልጄ የምትፈራቸውም ለዚህ ነው። ባሏ ተመልሶ ሲመጣ የሚገቡት ወረኢሉ ከእትዬ ግቢ ነው፤ ዕድሜዋን የምትኖረው ከሳቸው ጋር ነው። የሳቸውን ፊት ካጠቆረች፣ የባሏም ፊት ይጠቁራል።

ሐሙስ ገቡ። ጉርሻው ለጁምዓ ተቀጠረ፤ አባትየው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው ዕረፍት የሚያገኘው። ዓርብ ረፋዱ ላይ እትዬ ከረጢቱን ከመደቡ ላይ አስቀመጡና ማሰሪያውን በጥርሳቸው ፈቱት።

ያን ጊዜ ጓያ ሸተተኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጓያ የሰበረው ሰው ነበር። በዚያ በክፉ ቀን እህሉ ሁሉ ሲከዳን ጓያ ብቻ ቆማ ቀረች፤ እሷ ድርቅ አይበግራትም። እናታችን በቂጣውም በሽሮውም በንፍሮውም እሷኑ አበላችን። ሁላችን ከአንድ ድስት ነው የበላነው። አንድ ጠዋት ወንድሜ ከመደብ ልውረድ ቢል እግሩ እንደ እንጨት ተገተረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በምርኩዝ ተደግፎ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ሄደ። እኔ ምንም አልሆንኩ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ማንን እንደምትመርጥ አታውቅም። እናቴ እንፋሎቱ ነው የሰበረው ትል ነበር፣ ከምድጃው አጠገብ ይተኛ ስለነበር። እንፋሎቱ ይሁን እህሉ እኔ አላውቅም። ጓያ ዛሬም ይዘራል፣ ዛሬም ይበላል፤ ሲከካ ከአተር ክክ ጋር ስለሚመሳሰል የማያፍር ነጋዴ ደባልቆ ይሸጠዋል። እኔ ግን ከቤቴ አስገብቼው አላውቅም። ሲቆላ የሚሸተውን ሽታ በሕልሜም ቢሆን እለየዋለሁ።

«ምነው አፍንጫሽን ነፋሽ?» አሉኝ እትዬ።

«አቆላሉ ትንሽ ከረር ብሏል እንዴ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ከረር? ወገቤ እስኪቆረጥ እያማሰልሁ? እንዲያውም በመኪና ወፍጮ አላስፈጨሁትም፤ የሰው እህል እንዳይገባበት ብዬ በድንጋይ ነው የፈጨሁት። እጄን እይ!» መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። እውነትም ውሃ ቋጥሯል።

ያንን መዳፍ አይቼ ምን ልበል? የገዛ እጇ ውሃ እስኪቋጥር የፈጨችን ሴት፣ ለልጅ ልጅሽ ጓያ አመጣሽ ትላታላችሁ? በእኛ አገር ይህ ስድብ ብቻ አይደለም። ቤትሽ ባዶ ነው ማለት ነው፣ ልጅ ልትሰብሪ መጣሽ ማለት ነው። ደግሞ ብሳሳትስ? አፍንጫዬ እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ጊዜ ሽሮው ድስቱ ውስጥ ሲያር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጎረቤት ናት ከአጥር ማዶ የጮኸችልኝ። ምናልባት የሸተተኝ ጓያ ሳይሆን ወንድሜ ነው። ሰው የፈራውን ነገር ከየትም ያሸተዋል።

ማድ ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። እሳት እያነደደች ነበር፣ ሕፃኗ በጀርባዋ።

«ዱቄቱ ጓያ አለበት መሰለኝ።»

«እማዬ!» አለችና በሩን አየች። «በአላህ ይሁንብሽ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ማን ነገረሽ?»

«ሸተተኝ።»

«ሽሮው ሲያር አልሸተተሽም፤ ይኼ ሸተተሽ?»

«ልጄ፣ የወንድሜን ነገር ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ስንት ሰው ደግሞ የጓያ ሽሮ በልቶ ምንም አልሆነም። ትንሽ ብትገባበትስ?»

«ሽሮ የሚበላ ትልቅ ሰው ነው። ይቺ ግን ሌላ የምትበላው የላትም። ከረጢቱን አይተሽዋል? እስኪያልቅ ድረስ ጠዋትም ማታም ይኸው ነው።»

ልጄ እሳቱን እፍ አለች፣ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ በክንዷ ጠረገችው። «ሳታዪ አትናገሪ» አለችኝ በመጨረሻ። «አሸተትኩ ብለሽ አይደለም፤ ካየሽ ያኔ። እኔ ከሳቸው ጋር ነው የምኖረው፣ እማዬ። አንቺ አይደለሽም።»

እውነቷን ነው። ግን የተፈጨ እህል እንዴት ይታያል? ዱቄት ዱቄት ነው፤ ስንዴውም ጓያውም አንድ መልክ ይዘዋል። ከመደቡ ሄድኩ፣ ከረጢቱን አየሁት፣ ተመለስኩ። እትዬ ሕፃኗን ተቀብለው እያዘለሉ «ዛሬ እኮ ነው! ዛሬ እኮ ነው የአያትሽን እህል የምትቀምሺው!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች፣ በዚያ ጥርስ በሌለው ድዷ። እኔ እግሯን እያየሁ ነበር። የእትዬ ጭን ላይ ቆማ እግሯን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ትረግጣለች፣ እንደ ጥጃ።

ከዚያ አዛኑ ተሰማ። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወረዱ። እትዬ ሕፃኗን ለእናቷ መልሰው ውዱእ አደረጉ፣ መስገጃቸውንም እዚያው ከመደቡ ፊት ለፊት አነጠፉ። «ውሃው ይጣድ» አሉ ለልጄ። «ሰግጄ ስጨርስ ገንፎውን አገነፋለሁ። እሱም ይደውላል።» ሲሰግዱ ጀርባቸው ወደ ከረጢቱ ነው።

ወንፊቱን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ወንፊት ድምፅ አለው፤ ዝም ባለ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። እትዬ ቁርኣኑን በለሆሳስ ሲያነበንቡ እነፋለሁ፣ ዝም ሲሉ እኔም ዝም እላለሁ። ለሩኩዕ ሲያጎነብሱ እነፋለሁ። ሱጁድ ሲወርዱ እነፋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸው ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ እኔ ዱቄታቸውን እበረብራለሁ። ዱቄቱ ያማረ ነበር፤ ልስልስ ያለ፣ ወርቃማ። ከወንፊቱ ላይ የሚቀረው እዚህ የስንዴ ገለባ፣ እዚያ የገብስ ቅርፊት ነው። ዳግመኛ ዘገንኩ። አሁንም ገለባ። ልተወው አልኩ። አንዴ ደግሞ ዘገንኩ።

የድንጋይ ወፍጮ እንደምታውቁት ነው፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ ፍሬ ሳይደቅ በጠርዝ ያመልጠዋል። አንድ ክክ ወንፊቱ ላይ ቀረ። በጣቴ አንከባለልኩት፣ አልንከባለል አለ። የአተር ክክ ጀርባው ክብ ነው፤ ይኼ ማዕዘን አለው፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ» አሉ እትዬ ወደ ቀኝ ዞረው። ወደ ግራ ሲዞሩ ዓይናቸው ወንፊቱ ላይ አረፈ።

ፍሬዋን ጨበጥኳት።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጉሮሮዋን እንዳይቧጥጣት ብዬ...»

«እኔ ሳልነፋው አመጣሁት? እስከ ዛሬ ልጅ ያሳደግሽ አንቺ ብቻ ነሽ?»

«እትዬ፣ ይቆጡኝ። ቀድመው ግን ይቺን ይዩልኝ።» ወረድኩና ከመስገጃው ጠርዝ ተንበርክኬ መዳፌን ከፈትኩላቸው።

ፍሬዋን አነሧት። ወደ በሩ ብርሃን ዘረጓት። ገለባበጧት፣ በጥፍራቸው ጫሯት፣ ከዚያ ምላሳቸው ላይ አደረጓት። ቆዩ። መልሰው እጃቸው ላይ ተፏት።

ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ እሱ ነው!» አለች ልጄ ከማድ ቤት። «ላንሣው?»

«ይጥራ» አሉ እትዬ። ከዚያ ለኔ ብቻ፣ ቀስ ብለው «አተሩ የኔ አይደለም» አሉኝ። «አበባው ላይ እያለ ውርጭ ፈጀው። ማሳዬ ጥቁር አመድ ሆኖ ነው ያደረ። ክኩን ከገበያ ነው የገዛሁት።»

«ቢገዙስ ምን ነበረበት? ማን ይጠይቅዎ ነበር?»

«ለልጄ ከማሳዬ ነው ብያለሁ። ያን ዕለት እውነት ነበር፤ አተሩ ገና ማሳዬ ላይ ቆሞ ነበር። ኋላ ምን ብዬ ልመልሰው? ቆርቆሮውን ላክ ልበል?»

ስልኩ መጮኹን ተወና እንደገና ጀመረ። ፊታቸውን ሳየው አሳዘኑኝ። እኔ ደግሞ ያመጣሁት መዘዝ ነው። «ሕፃኗ ተኝታለች እንበለው» አልኳቸው። «ዱቄቱን እኔ አስወግደዋለሁ። ማንም አያውቅም፤ በአላህ ፊት ቃሌ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መስገጃዬ ላይ ተቀምጬ ልዋሽ?»

ተነሡ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ማድ ቤት ሄደው ልጄን «አምጪው» አሏት። ስልኩን እንደ ልማዳቸው ከአፍንጫቸው ጋር አጣብቀው ያዙት፤ ልጃቸው ግንባራቸውን ብቻ ሳያይ አልቀረም።

«እማዬ! ገንፎው ደረሰ?» ይላል ከዚያ ማዶ።

«አልደረሰም። አይደርስምም። ጓያ አለበት።»

«ምን?»

«ጓያ! አልሰማህም? ክኩን ገበያ ገዛሁት፣ ደባልቀው ሸጡልኝ። እኔም ሳላይ ፈጨሁት። አሁን የሚስትህ እናት አሳየችኝ።»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«ከማሳዬ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ማሳዬን ውርጭ በላው። ሳልነግርህ ቀረሁ። ይኸው ነገርኩህ።»

ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ቀጥ ብላለች፤ የባሏን ድምፅ ነው የምትጠብቀው። ኋላ ከስልኩ ውስጥ ሳቅ መጣ፣ የደከመው ሰው ሳቅ። «እንግዲህ ቆርቆሮው ያሸንፋል በይኛ።»

«ዝም በል አንተ!» ጮኹ እትዬ፣ ድምፃቸው ተመለሰ። «ገና ለቆርቆሮ አልሞትንም! ቤት ውስጥ ድንች የለም?» አሉና ወደ ልጄ ዞሩ።

ልጄ ከምድጃው ጥግ ትንሿን ድስት ከፈተች። ድንቹ በስሎ፣ እንቁላሉም ከጎኑ ተቀቅሎ ተቀምጧል። መቼ እንደጣደችው አላየሁም። ሳታዪ አትናገሪ ያለችኝ ልጅ፣ እኔ ከመደብ ማድ ቤት ስንቆራጠጥ ዝም ብላ ድንች ጥዳለች። እትዬ ድስቱን አዩ፣ ልጄን አዩ። «ተንኮለኛ» አሏት። ልጄ ደነገጠች። «ተንኮለኛ፣ ደግ አደረግሽ።»

ድንቹን እኔ ላጥኩት፤ አስኳሉን ጨምሬ በማንኪያ ጀርባ አደቀቅሁት። ልጄ ከጡቷ ወተት ጨምቃ አቀጠነችው፣ ግን ከማንኪያው እንዳይፈስ አድርጋ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እንዲያ ነው ያለቻት። ማንኪያውን ለእትዬ ሰጠሁ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አንቺ ስጫት። የኔ እጅ ዛሬ አይታመንም።»

«ፍሬዋን ያሳየሁዎት እኔ ነኝ እንጂ ጓያ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «ቃል ገብተዋል። ልጅዎ ያያል። ቢስሚላህ ይበሉ።»

ስልኩን ለልጄ አቀበሉና ማንኪያውን በዚያ ውሃ በቋጠረ እጃቸው ያዙት። «ቢስሚላህ» አሉ። ሕፃኗ ማንኪያውን ዓይኗን አፍጥጣ አየችው፣ አፏን ከፈተች፣ ወሰደች። ፊቷ ተጨማደደ። በምላሷ ገፋ ገፋ አድርጋ ሁሉንም የእትዬ ሻሽ ላይ መለሰችው።

«አልወደደችውም!» አለ አባትየው።

«ዝም በል፣ አንተም እንዲሁ ነበርክ» አሉት። ሻሻቸውን አልጠረጉትም። ሁለተኛውን ቆንጠር አድርገው ከከንፈሯ ጫፍ አስነኩላት።

በዚያች ቅጽበት ስልኩ ቀጥ አለ። የአባትየው ፊት አፉን እንደከፈተ ደረቀ፤ ድምፁ ብቻ እየተቆራረጠ ይመጣል። «ዋጠች? ... እማዬ... ዋጠች ወይ?»

ሦስታችንም የምናየው ጉሮሮዋን ነበር። ምላሷ ወጣ፣ ገባ። አገጯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያቺ ትንሽ ጉሮሮ ወረድ አለች፣ ተመልሳ ወጣች፤ አፏንም እንደገና ከፈተች።

«ዋጠች!» አልን፣ እኔና እትዬ አንድ ላይ። «ዋጠች፣ ዋጠች!» እሱ ይስማ አይስማ አላውቅም። ልጄ ስልኩን እያናወጠች ታለቅስ ነበር፣ እየሳቀችም።

ከአሱር ሶላት በኋላ እትዬ ዶማ ጠየቁኝ። ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ ሥር ራሳቸው ቆፈሩ። ላግዝዎ ብላቸው አልሰማ አሉ። ለዶሮ እንስጠው አላልኩም፣ እሳቸውም አላሉም። ያ ወርቃማ ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥ ሲፈስ ሽታው አንዴ መጣብኝና አፈሩ ሲመለስበት ጠፋ። ያገኘሁት አንዲት ፍሬ ብቻ ናት። ዱቄቱ ውስጥ የቀረው ስንት እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው፤ ምናልባትም ያቺው ብቻ ነበረች። ይህን ሳስብ የእትዬ መዳፍ ትዝ ይለኛል፣ ደግሞም ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ስትረግጥ። መቆፈሩን አልጠላውም።

ከረጢቱን አጥበው አጥሩ ላይ አሰጡት። ማግስቱን ሲሄዱ አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። «ለመኸር እፈልገዋለሁ» አሉኝ። «ውርጭ ካልመጣ።»

«ውርጭ ከመጣስ?»

«ከመጣ ባዶውን ይዤ እመጣለሁ። ድንች ትሞዪልኛለሽ።»

ሕፃኗን ሳሟት፤ መጀመሪያ ጉንጯን፣ ከዚያ ዝቅ ብለው ሁለቱንም እግሮቿን።